የጋሽ አጥናፉ ቸርኬዎች

አንድ ሰው ነበር። ሚስት አለችው፣ አንዲት ልጅ አለችው፣ አንድ ያረጀች የቤት መኪና አለችው። ክረምት ደግሞ እየመጣበት ነው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ለእኛ ክረምት ሲባል የሚታየን ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጃንጥላ ነው። ይህ ሰው የሚኖርበት አገር ግን ክረምቱ ሌላ ነው። የሚኖረው ኖርዌይ ነው፣ ተራራ በከበባት አንዲት ትንሽ ከተማ። እዚያ ክረምት ሲገባ አስፋልቱ መስታወት ይሆናል። እኔ ለአገልግሎት የሄድኩ ጊዜ ከቤታቸው በር እስከ መኪናው ድረስ ሰው ደግፎኝ ነው የደረስኩት። ስሙን አልነግራችሁም። ታሪኩን ግን እንድናገረው እሱ ራሱ ፈቅዶልኛል። «ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ንገረው» ብሎኛል።

ዛሬ ስለ መኪና ጎማ ነው የምነግራችሁ። ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ። ፈገግ በሉ። ትንሽ ቆይታችሁ ግን ፈገግ አትሉም።

በዚያ አገር ባለመኪና ሁሉ ሁለት ዓይነት ጎማ አለው፤ የበጋ ጎማና የበረዶ ጎማ። የበጋው ጎማ ብርድ ሲያገኘው ይደድራል፣ በረዶ ላይ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ የዛፉ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሰው ሁሉ የበጋውን ያወልቅና የበረዶውን ያስራል። ብዙዎቹ የበረዶውን ጎማ ከነቸርኬው ነው የሚያስቀምጡት። ቸርኬ ለማታውቁ፣ ጎማው የሚለብስበት ብረት ማለት ነው። በቡሎን ከመኪናው ጋር የሚታሰረው እሱ ነው። ጎማው መንገዱን ይይዛል፤ ጎማውን ደግሞ ከመኪናው ጋር የሚይዘው ቸርኬው ነው። ይህን ያዙልኝ።

ሰውየው የበረዶ ጎማ አልነበረውም። መኪናዋን የገዛት በዚያው በጋ ነው። ሚስቱ ፍሬሕይወት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ልጃቸው ሔራን ትምህርት ቤቷ በዚያው መንገድ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም የሚያደርሳቸው እሱ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር እሱም ማሰብ ጀመረ።

በዚያች ከተማ ያለው ሐበሻ ጥቂት ነው። እሑድ እሑድ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ በአማርኛ ያመልካል። የጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ አጥናፉ ይባላሉ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ይህን ቤተሰብ አውሮፕላን ጣቢያ ሄደው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ቤት እስኪያገኙ በቤታቸው ያኖሯቸው እሳቸው ናቸው። ለሔራን የመጀመሪያውን የብርድ ካፖርት የገዙላት እሳቸው ናቸው። ሰውየው አባቱን ያጣው በሕፃንነቱ ነው። «አባት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ አገር ነው» ብሎ አጫውቶኛል።

በዚያ ዓመት የጋሽ አጥናፉ ዓይን ደከመ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ አይነዱም አሏቸው። መንጃ ፈቃዳቸውን መለሱ፣ መኪናቸውን ሸጡ። የበረዶ ጎማዎቻቸውን ግን ለገዢው አልሰጡም። ከነቸርኬያቸው አስቀሯቸው። ለማን ይመስላችኋል?

አንድ እሑድ ጸሎት ካለቀ በኋላ ጋሽ አጥናፉ «ማንም እንዳይነሣ» አሉ። ሰው ላኩና አራቱን ጎማዎች ወደ አዳራሹ አስገቧቸው። ታጥበዋል፣ ተወልውለዋል። ቸርኬዎቹ በኮከብ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ። ጋሽ አጥናፉ ድምፅ ማጉያውን ያዙና «እኔ መንዳት ጨርሻለሁ» አሉ። «መኪናዬን ሸጫታለሁ። እግሮቿን ግን ለልጄ ሰጥቻለሁ።» አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ቀና አድርገው አቀፉት። እሱም አለቀሰ፣ እሳቸውም አለቀሱ።

እስቲ ንገሩኝ ወገኖቼ። እንዲህ ሆኖ የተሰጠ ነገር ይመለሳል? በሰው መሀል፣ በእንባ፣ በእልልታ የተሰጠ ነገር፣ «ይቅርታ፣ ይሄ ለኔ አይሆንም» ይባላል? እኛ ቤት ይባላል? እናንተ ብትሆኑ ትሉታላችሁ?

በሳምንቱ መኪናዋን ይዞ ወደ ጎማ ቤት ሄደ። የምትሠራው ሴት መኪናዋን በክሪክ አነሣች፣ የበጋውን ጎማ አወለቀች፣ አንዱን ኮከብ ቸርኬ አንሥታ ሞከረች። አወረደችው። ሌላውን ሞከረች፣ እሱንም አወረደችው።

«ይሄ አይሆንም» አለችው።

«እንዴት አይሆንም? የሱም ቀዳዳ አምስት ነው፣ የመኪናዬም አምስት ነው።»

«ቁጥሩ አንድ ነው። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት ግን አንድ አይደለም። በጣም ትንሽ ነው የሚለያየው፣ ግን ይለያያል። ይሄ ቸርኬ የሌላ መኪና ነው።»

ፊቱን አይታ አዘነችለት መሰለኝ፣ ጎንበስ ብላ ጎማውን በእጇ መታ መታ አደረገችው። «ጎማው እኮ ጥሩ ነው» አለችው። «ገና ብዙ ይሠራል። ለመኪናህ የሚሆን ያገለገለ ቸርኬ ላፈላልግልህ። ጎማዎቹን ከዚህ አውልቄ እዚያ ላይ አለብስልሃለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ና።»

ልብ በሉ። መፍትሔው ይሄው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። የጋሽ አጥናፉ ጎማ አይጣልም። ስጦታው ይኖራል። የሚለወጠው ብረቱ ብቻ ነው። አንድ ሳምንት መጠበቅ ነው፣ አንድ ቃል መናገር ነው። «ጋሼ፣ ጎማው መልካም ነው፤ ቸርኬው ግን ለመኪናዬ አልሆነም።» ይህችን ብሎ ማለፍ ነው።

ታዲያ ይህችን ቃል ለምን አልተናገራትም?

ስሙን ታውቁታላችሁ። ይሉኝታ ነው። እሑድ ሲመጣ ጋሽ አጥናፉ ወደ ግቢው ወጥተው መኪናዋን ማየታቸው አይቀርም። ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን በእጃቸው ይዳስሳሉ። ኮከቡን ቢያጡት ምን ይላሉ? «ያን ሁሉ ሰው ፊት ሰጥቼው ናቀብኝ» አይሉም? ያ እልል ያለ ጉባኤስ? በዚያ ላይ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ መኪናቸው የተሸጠ ሽማግሌ ናቸው። አሁን ይህንንም ልንገራቸው? እንዲህ እያለ ጎማዎቹን መልሶ ጫናቸውና ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔ ይሉኝታን ልረግም አልመጣሁም። ይሉኝታ የሌለው ሰው ለጎረቤት አይመችም፣ ለትዳርም አይመችም። ሰው እንዳይከፋው ማሰብ መልካም ነገር ነው። ግን ያን ዕለት ይህ ሰው ያሰበው ስለ ጋሽ አጥናፉ ብቻ ነበር? ወይስ በጋሽ አጥናፉ ዓይን ስለሚታየው ስለ ራሱ? እሱ ራሱ ነው ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ። 

ቤቱ ደጃፍ መኪናዋን በክሪክ አነሣት። ቸርኬውን አስጠጋ። አንዱ ቡሎን ገባ። ሁለተኛውም ገባ። ሦስተኛው አልገባ አለ። ገፋው፣ አዘነበለው፣ በመዶሻ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ የጎማ መፍቻው እጀታ ላይ ረጅም የውኃ ቱቦ ሰካበትና ባለ በሌለ ኃይሉ ጫነው። ብረቱ ጮኸ፣ ቡሎኑ ግን ገባ። አምስቱም ገቡ። አንድ ሁለቱ ጠመም ብለው ነው የገቡት። አየት አደረገና «ችግር የለም» አለ።

ይህችን ቃል የማያውቅ እዚህ አለ? «ችግር የለም።» አገር የምንገነባውም በሷ ነው፣ የምናፈርሰውም በሷ ነው።

እሑድ ሆነ። ሰውየው እንደፈራው ጋሽ አጥናፉ ወደ ግቢው ወጡ። እጃቸውን ዘርግተው ወደ መኪናዋ ተጠጉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ኮከቡን በጣታቸው ዳሰሱት። ፊታቸው በራ።

«ገጠመልህ?» አሉት።

«ልክክ ብሎ፣ ጋሼ!»

ልክክ ብሎ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ደስ አለው። ጋሽ አጥናፉ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ባረኩት። ፍሬሕይወት ብቻ አልሳቀችም። ብረቱ ሲጮህ በመስኮት ሰምታ ነበር።

በረዶው ወረደ። መጀመሪያ ሰሞን ደህና ነበር። ከዚያ መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር መሪው በእጁ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ምንድነው የሚያንቀጠቅጣት?» አለችው ፍሬሕይወት።

«መንገዱ ነው። በረዶ ስለሆነ።»

«የሰው መኪና ሲንቀጠቀጥ አላየሁም።»

«የሰው መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?» አላት፣ በቀልድ አሳለፈው።

ግን ጠዋት ጠዋት ከነሱ ቀድሞ መውጣት ጀመረ። መፍቻውን ይዞ ቡሎኖቹን ያጠብቃል። ዛሬ ያጠበቀው ነገ ላልቶ ያገኘዋል፣ እንደገና ያጠብቀዋል። በሥራ ቦታው መኪና ማቆሚያ ላይም ሰው እንዳያየው ዙሪያውን እየቃኘ ያጠብቃል። እሑድ እሑድ ጋሽ አጥናፉ «እንዴት ነው መንገዱ?» ይሉታል። «ልክክ ብሎ፣ ጋሼ!» ይላል። መጀመሪያ ቀን ሲናገረው ከብዶት ነበር። እየቆየ ግን ቀለለው።

ይሄ ነው የሚያስፈራኝ ወገኖቼ። አንድ ጊዜ «ልክክ ብሎ» ያለ ሰው፣ ሁለተኛ ጊዜ እውነቱን ለመናገር ሁለት ነገር ማመን አለበት። ነገሩ እንዳልገጠመ ማመን አለበት፤ እንደዋሸም ማመን አለበት። ሦስተኛ ጊዜ ሦስት ይሆንበታል። ሸክሙ በየሳምንቱ ይጨምራል። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ወደ ኋላ መመለስ የሚያቅተን።

ከዚያ አንድ ቀን ጋሽ አጥናፉ ደወሉለት። ዓይናቸውን የሚያይላቸው ትልቅ ሐኪም ከተራራው ማዶ ባለ ከተማ ነው ያለው። ብዙ የጠበቁት ቀጠሮ ደርሷል። የቀኝ ዓይናቸው ጭል ጭል የሚል ብርሃን ብቻ ነው የቀረው። ግራው ገና ያያል፣ ሰው ይለያል፣ መጽሐፍም በማጉያ መስታወት ያነባል። ሐኪሙ ሊያተርፍላቸው የሚሞክረው ይህን ነው።

«በአውቶቡስ ልሂድ ብዬ ነበር» አሉት። «ኋላ ግን በልጄ መኪና፣ በገዛ ጎማዬ ለምን አልሄድም አልኩ።»

አሁን ይናገራል አላላችሁም? እኔ ታሪኩን ስሰማ እዚህ ላይ ስደርስ «አሁን ነገራቸው» ብዬ ነበር። አልነገራቸውም። «ደስ ይለኛል፣ ጋሼ» አላቸው። እሳቸውን ላለማሳዘን በግድ ባስገባው ቸርኬ ላይ፣ እሳቸውን ራሳቸውን ጭኖ ወጣ።

ፍሬሕይወት ዕረፍት ወስዳ አብራ ሄደች፤ የሐኪሙን ቋንቋ ከሱ ይልቅ እሷ ትሰማለች። ጋሽ አጥናፉ ፊት ተቀመጡ፣ እሷ ከኋላ። ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ ወጡት። ጋሽ አጥናፉ ደስ ብሏቸዋል፣ ስለ ባለቤታቸው ያጫውታሉ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ከታች ሐይቅ። ሐይቁ ገና በረዶ አልሠራም፣ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ቁልቁለቱ መሀል ላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሰውየው ወዲያው አወቀው። የፊተኛው ጎማ ነው፣ በጋሽ አጥናፉ በኩል ያለው። እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀለል አደረገ። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

«ምንድነው?» አሉ ጋሽ አጥናፉ።

«ጠጠር ይሆናል፣ ጋሼ።»

«አቁም» አለች ፍሬሕይወት ከኋላ።

«ትንሽ ነው የቀረን፣ ከታች ማደያ አለ…»

«አቁም አልኩህ! በዚህ ሽማግሌ ነፍስ አትቀልድ!»

እንዲህ ጮኻበት አታውቅም። ጥጉን ይዞ በዝግታ፣ በዝግታ፣ አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ላይ አቆመ። ወርዶ አየ። ከአምስቱ ቡሎኖች ሁለቱ ተበጥሰዋል። አንዱ የለም፣ የት እንደወደቀ አይታወቅም። በቀሩት ሁለቱ ነው ጎማው የተንጠለጠለው። እነሱም ላልተዋል፣ በእጅ ይንቀሳቀሳሉ። ቀና ብሎ ወደፊት ሲያይ የሚቀጥለው ጠመዝማዛ ታየው። ከዚያ በታች ሐይቁ ነው። በረዶው ላይ ቁጭ አለ።

ጋሽ አጥናፉ በሩን ይዘው ወረዱ፣ እየዳሰሱ መጡ። «ምን ሆነ ልጄ?»

ያኔ እንኳ፣ ወገኖቼ፣ ያኔ እንኳ አፉ ላይ የመጣው «ቡሎን ላልቶ ነው» የሚል ነበር። ሊለው አፉን ከፈተ። ቀና ሲል የጋሽ አጥናፉን እጅ አየው። ያ እጅ እሑድ ዕለት እንዳደረገው ኮከቡን ሊዳስስ ወደ ታች እየወረደ ነው።

«አይንኩት ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። «አልገጠመም። መጀመሪያም አልገጠመም። ጎማ ቤት አይሆንም ብለውኝ ነበር። በግድ ነው ያስገባሁት።»

ጋሽ አጥናፉ እጃቸውን መለሱ።  ፍሬሕይወት አጠገባቸው መጥታ ቆመች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉት።

«እንዳይከፋዎት ብዬ።»

ጋሽ አጥናፉ በጣም ተቆጡ። አባት ሲቆጣ አይታችኋል? እንደዚያ። «እኔ የሰጠሁህ ለምንድነው?» አሉት። «ቸርኬዬ አምሮ እንዲታይልኝ ነው? ልጅህ በበረዶ ላይ እንዳትወድቅብህ ነው የሰጠሁህ! ሔራንን በዚህ ነው ጠዋት ጠዋት የምትወስዳት? ስጦታዬን ይዘህ የሰጠሁበትን ነገር ጣልከው እኮ!»

 

ከዚያ ጋሽ አጥናፉ ቁጣቸው በረድ አለና መኪናዋን ተደግፈው ቆሙ። «ደግሞ እኔም አለሁበት» አሉ። «መኪናህ ምን ዓይነት እንደሆነች አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም። ይሆንሃል ወይ አላልኩህም። በሰው ሁሉ ፊት አሸከምኩህ። እንዴት አድርገህ ትመልሰው? እልልታውን ፈልጌው ነበር መሰለኝ።»

መኪና የሚያነሣ ሰው እስኪመጣ ብርዱ ላይ ቆዩ። ቀጠሮው አለፈ።

ሐኪም ቤቱ ሌላ ቀን ሰጣቸው። ግን ያ ቀን ከመድረሱ በፊት አንድ ጠዋት ጋሽ አጥናፉ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ግራ ዓይናቸውም ጨልሞ ነበር። ኋላ ፍሬሕይወት ሐኪሙን ጠየቀችው። «ያን ቀን ደርሰው ቢሆን ይድን ነበር?» ሐኪሙ ሐቀኛ ሰው ነው። «ይድን ነበር ብዬ መናገር አልችልም፣ አይድንም ነበር ብዬም መናገር አልችልም» አላት።

ያ ወንድም ይህን መልስ ይዞ ነው የሚኖረው። ይቅር ተብሏል፤ ጋሽ አጥናፉ በሙሉ ልባቸው ይቅር ብለውታል። እግዚአብሔርም ይቅር እንዳለው ያምናል። ግን የማያውቀው ነገር አለ፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻም አያውቀውም። ይህን ሲነግረኝ አብሬው ተቀመጥኩ እንጂ ሌላ ያደረግሁለት ነገር የለም።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ መኪና የላችሁም። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ በባጃጅ ተጣብቃችሁ ነው የመጣችሁት። በረዶ በቴሌቪዥን እንጂ በዓይናችሁ አላያችሁም። ግን በግድ የገባ ቡሎን የሌለበት ቤት የቱ ነው?

አንቺ እህቴ፣ ቤተሰብ ደስ ብሎት፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ልብሽ ግን «ይህ ሰው ለእኔ አይሆንም» እያለሽ ነው። ሰርጉ ሊደርስ ነው። እናትሽ «እንዴት ነው ልጄ፣ ተስማማችሁ?» ትልሻለች። ምን አልሻት? ልክክ ብሎ!

አንተ ወንድሜ፣ በወንድማማችነት ተከብረህ የተሰጠህ አገልግሎት አለ። ሰው አጨበጨበልህ። አንተ ግን ለዚያ ሥራ እንዳልተሠራህ ታውቀዋለህ፣ በየሳምንቱ ውስጥህ እየላላ ነው፣ በየሳምንቱ ተደብቀህ ታጠብቀዋለህ። «አገልግሎቱ እንዴት ነው?» ስትባል ምን ትላለህ?

ወላጆች፣ እናንተ ልጃችሁን ሐኪም ይሆናል ብላችሁ በዘመድ ፊት ያወጃችሁ። ልጁ ጥሩ ጎማ ነው፣ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ያለበሳችሁት ብረት ግን የሱ ነው? ይሆንሃል ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ወይስ እልልታውን ፈልጋችሁት ነው? ጋሽ አጥናፉ ዓይናቸው እየጠፋ ይህን አዩት። እኛ በሁለት ዓይናችን ምነው አላየነውም?

አንዳንዶቻችሁ «ትንሽ ናት የምትለየው» ትሉኛላችሁ። አዎ ትንሽ ናት። ደጃፍ ላይ ቆማ ለምትታይ መኪና ምንም አይደለችም። ችግሩ ማናችንም ደጃፍ ላይ ቆመን አንቀርም። ቁልቁለት አለብን። ሕመም አለ፣ ሥራ ማጣት አለ፣ ልጅ አለ፣ እርጅና አለ። በቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ብቻችንን አይደለንም፤ ከጎናችን የተቀመጠ ሰው አለ፣ ከኋላችን የተቀመጠ ሰው አለ። እነሱ እኛን አምነው ነው የተሳፈሩት።

እግዚአብሔርስ? እሱንም እኮ እንዲሁ እናደርገዋለን። እዚህ መጥተን ቆመን እንዘምራለን፣ «እንዴት ነህ ልጄ?» ሲለን «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እንለዋለን። ከሥር ግን ኳ፣ ኳ ይላል። እሱን ላለማስከፋት ብለን ነው? እሱ የሰጠንን የሰጠን እንድንኖርበት ነው እንጂ እንድንታይበት አይደለም። «አልገጠመልኝም» ብትሉት አይከፋውም። ብቻ ንገሩት።

ባለፈው ክረምት እንደገና እዚያች ከተማ ሄጄ ነበር። የጋሽ አጥናፉ ጎማዎች አሁንም ያቺ መኪና ላይ ናቸው፤ የጎማ ቤቷ ሴትዮ ለመኪናዋ በሚሆን ቸርኬ ላይ አልብሳቸዋለች። ቸርኬዎቹ ጥቁር ናቸው፣ ተራ ብረት፣ ኮከብ የላቸውም። እሑድ ወደ አዳራሹ ልንሄድ ስንል ጋሽ አጥናፉን እጃቸውን ይዘን ከፊት አስቀመጥናቸው። እኔ ከኋላ ከሔራን ጋር ተቀመጥኩ። ሰውየው ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል ጋሽ አጥናፉ እጃቸውን ክንዱ ላይ ጣል አደረጉና፣ «ገጠመ?» አሉት።

ሔራን «ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚሉት» ብላ አንሾካሾከችልኝ።

ሰውየው ሞተሩን ተወው። ወረደ። በዚያ ብርድ መኪናዋን ዞራት፣ በየጎማው አጠገብ ጎንበስ እያለ በእጁ ነካካ። ተመልሶ መጣና በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

«ሦስቱ ደህና ናቸው፣ ጋሼ» አላቸው። «አራተኛው ግን ትንሽ አጠራጥሮኛል። እንደገና ልየው።»

«እየው ልጄ» አሉት። «እንጠብቅሃለን።»

ጠበቅነው። ለአምልኮው ዘገየን፣ መዝሙሩ አለፈን። ማንም አልተቆጣም።

እናንተስ ወገኖቼ፣ ገጠመላችሁ? ለእኔ አትመልሱልኝ። ቤታችሁ ስትደርሱ ይህን ሲጠይቃችሁ የኖረ ሰው አለ፣ «ልክክ ብሎ» ያላችሁት ሰው አለ። ዛሬ፣ ቁልቁለቱ ሳይመጣ፣ ለሱ መልሱለት።